ሁጎ ዩንከርስ፤ የብረት አውሮፕላን መሐንዲስ

ሁጎ ዩንከርስ በጀርመን አገር፣ በራይት ከተማ፣ በ1859 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ተወለዱ። ወደ አውሮፕላን ሥራ የገቡት ዕድሜያቸው ሃምሳ ሊሞላ ሲቃረብ ነው። በደሳው ከተማ ባቋቋሙት ፋብሪካ በጋዝ የሚሠሩ የውኃ ማሞቂያዎችን ያመርቱ ነበር፤ ከ1897 እስከ 1912 ዓ.ም. ደግሞ በአኽን ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት በፕሮፌሰርነት አስተምረዋል። በማሞቂያው ሥራ በስስ ብረት ላይ ያካበቱት ልምድ ኋላ ለአውሮፕላናቸው መሠረት ሆነ።

በዚያን ዘመን አውሮፕላን የሚሠራው ከእንጨት፣ ከሸራና ከሽቦ ነበር። ዩንከርስ ግን ክንፉ ወፍራም ከሆነ ተሸካሚው አካል በውስጡ ሊያርፍ፣ የአየርን ተቃውሞ የሚያበዛው የውጭ ሽቦና ድጋፍም ሊቀር እንደሚችል ተገንዝበው፣ በ1910 ዓ.ም. የፈጠራ መብት አወጡበት። በ1915 ዓ.ም. መጨረሻ ሁለንተናው ብረት የሆነው ጄ 1 በረረ፤ ይሁን እንጂ ክብደቱ ስለበዛ ከፍታ ለመያዝ ይዘገይ ነበር።

ቀጥሎ ጦር ሠራዊቱ በምሽግ ላይ ዝቅ ብሎ እየበረረ እግረኛውን የሚከታተል ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ፈለገ። ችግሩ ከመሬት የሚተኮሰው ጥይት ነበር። ዩንከርስ ሞተሩን፣ አብራሪውንና ከኋላው የሚቀመጠውን ቃኚ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው የብረት ገንዳ ውስጥ አኖሯቸው። ገንዳው 470 ኪሎ ግራም ያህል ቢመዝንም በሌላ አካል ላይ የተለጠፈ ሸክም አልነበረም፤ የአውሮፕላኑን የፊት ክፍል ራሱ ተሸክሟል። ክንፎቹም እንደ ቤት ክዳን ቆርቆሮ በተሸነሸነ ዱራሉሚን ተለበጡ። በ1917 ዓ.ም. መጀመሪያ የበረረው ይህ አውሮፕላን ለመነሣት ረጅም ሜዳ የሚሻና ቀርፋፋ ቢሆንም፣ ከጥይት ስለሚጠብቃቸው በራሪዎቹ ወደዱት። በጠቅላላው 227 ተሠሩ።

ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1919 ዓ.ም.፣ ሁለንተናው ብረት የሆነው የመንገደኞች አውሮፕላን ኤፍ 13 በረረ። በ1929 ዓ.ም. ደግሞ ደብልዩ 33 የተባለው የዩንከርስ አውሮፕላን አዲስ አበባ ደርሷል።

ዩንከርስ ለጦርነት ከመሥራት ነፃ አልነበሩም፤ ሆኖም በ1933 ዓ.ም. ሥልጣን የያዘው የናዚ መንግሥት ፋብሪካቸውን ለራሱ የጦር ዝግጅት ፈለገው። በግዳጅ የፈጠራ መብታቸውንና አብዛኛውን አክሲዮን አስረክበው ከደሳው ተባረሩ፤ በቁም እስርም ቆዩ። በየካቲት 3 ቀን 1935 ዓ.ም.፣ 76 ዓመት በሞላቸው ዕለት፣ አረፉ። ከሰባት ወር በኋላ ዩ 87 የተባለው ቦምብ ጣይ ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ። እርሳቸው ያላዘዙበት ያ አውሮፕላን ከተሞችን ያወደመው በእርሳቸው ስም ነበር።