ጋይ ስሚዝና የአመድ አፈር

አሜሪካዊው የአፈር ሊቅ ዶክተር ጋይ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1907 ተወልደው በ1981 ዐረፉ። ስማቸውን ያስጠራው፣ ስለ አፈጣጠሩ በሚሰጥ ግምት ሳይሆን በሚለካ ጠባዩ አፈርን የሚመድበው ሥርዓት ነው፤ ሰባተኛው ረቂቅ በ1960፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1975 ታተመ።

ሥርዓቱ ግን በእሳተ ገሞራ አመድ ላይ ተሰናከለ። በኦሬጎን ማዛማ የተባለው ተራራ ከ7,700 ዓመት ገደማ በፊት የተፋው አመድና ፓሚስ የሚባለው ቀላል ጠጠር ዛሬም ሰፊ የፓይን ደን ተሸክሟል። ጠጠሩ በአየር የተሞላ በመሆኑ ሙቀትን ከሥር ወደ ላይ እምብዛም አያስተላልፍም፤ ስለዚህ በሞቃቱ ወራት እንኳ የመሬቱ ገጽ ሌሊት በውርጭ ይመታል፣ ችግኙም ይረግፋል። የ1975ቱ መጽሐፍ የአመድ አፈሮችን በአብዛኛው ገና ካልበሰሉ አፈሮች ሥር በንዑስ ክፍልነት አስቀመጣቸው። ለመለያ የተመረጠው የቤዝ ሙሌትም ለእነርሱ የሚስማማ አልነበረም፤ የአመድ አፈር ኤሌክትሪካዊ ሙል ከአሲድነቱ ጋር ስለሚለዋወጥ፣ የቤተ ሙከራው አሠራር ራሱ ቁጥሩን ያዛባው ነበር።

ጉድለቱን የገለጡት ራሳቸው ዶክተር ስሚዝ ናቸው። ጡረታ ወጥተው ሳሉ፣ በ1978፣ የአመድ አፈሮች ከዐሥሩ ዐበይት ክፍሎች ተለይተው ራሱን የቻለ ክፍል እንዲሆኑ ሐሳብ አቀረቡ። የገዛ መጽሐፍን በሦስት ዓመት ውስጥ መንቀፍ በሙያው ዓለም ብዙ የሚታይ አይደለም። ጉዳዩ ለዓለም አቀፍ ኮሚቴ ተመርቶ ለዓመታት ሲመረመር ቆየ። እርሳቸው ካረፉ በኋላ፣ በ1990 በወጣው የመለያ እትም፣ አንዲሶል የተባለው ክፍል ገባ። ቅዝቃዜም በዚያው አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ክራያንድ ለሚባለው ንዑስ ክፍል መለያ ሆነ፤ በካርታው ላይ ይህን ስም ያነበበ የደን ባለሙያ ችግኙን ከማውጣቱ በፊት ውርጩን ያስባል።