ከውስጥ ብቻ የሚከፈት በር፤ የሠዓሊው የሆልማን ሃንት የሕይወት ታሪክ

ሥዕል እንደ መጽሐፍ የሚነበብ ነገር መሆኑን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። መልኩ ሲያምር፣ ቀለሙ ሲደምቅ አይተን ደስ ብሎን እናልፋለን እንጂ፣ ሠዓሊው ይህን ቅጠል ስለ ምን እዚህ አኖረው፣ ያንን በር ስለ ምን ዘጋው ብለን አንጠይቅም። ዛሬ ታሪኩን የምንጽፍላችሁ እንግሊዛዊው ሠዓሊ ዊሊያም ሆልማን ሃንት ግን ያለ ምክንያት አንዲት ሣር እንኳ የማይሥል ሰው ነበረ። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሃንት በ1827 ዓ.ም. በለንደን ከተማ፣ ቺፕሳይድ በተባለው የንግድ ሰፈር ተወለደ። አባቱ የንግድ ዕቃ መጋዘን ኀላፊ ነበረ። እርሱም ሥዕል ይወድ ነበር፤ ዳሩ ግን ልጁ በሥዕል እንጀራ ያገኛል ብሎ አላመነም። ስለዚህ ሃንት ገና በ12 ዓመቱ ከትምህርት ቤት ወጥቶ በጸሐፊነት ተቀጠረ። ቀን እየሠራ፣ ማታ ማታ ሥዕል ይማር ነበር። ወደ ንጉሣዊው የሥነ ጥበብ አካዳሚ ለመግባት ሁለት ጊዜ ተፈትኖ ወደቀ፤ ተስፋ ግን አልቈረጠም፤ በ1844 ዓ.ም. ገባ።

በዚያም ከጆን ኤቨሬት ሚሌ ጋራ፣ ቈይቶም ከዳንቴ ገብርኤል ሮሴቲ ጋራ ተወዳጀ። በ1848 ዓ.ም. እነዚህ ወጣቶች ከሌሎች አራት ጓደኞቻቸው ጋራ ሆነው አንድ ማኅበር መሠረቱ። በዘመናቸው የነበሩት ሠዓሊዎች የታላቁን የኢጣልያ ሠዓሊ የራፋኤልን ፈለግ በልማድ ብቻ ይከተላሉ ብለው ስላሰቡ፣ ማኅበራቸውን ከራፋኤል በፊት በነበሩት ሠዓሊዎች ስም ጠሩት። ዓላማቸውም ተፈጥሮን በዐይናቸው እያዩ በእውነት መሣል ነበር። ያን ጊዜ ሃንት 21 ዓመቱ ነበረ፤ ከእኛ ዕድሜ ብዙ የራቀ አልነበረም።

ሃንት በወጣትነቱ ሃይማኖትን የሚጠራጠር ሰው ነበረ። ነገር ግን ለሥዕል ሲል መጽሐፍ ቅዱስን አጥብቆ ማንበብ ጀመረ፤ በማንበቡም ልቡ ተለወጠ። በ1851 ዓ.ም. በራእየ ዮሐንስ በምዕራፍ 3 ስለተጻፈው፣ በደጅ ቆሞ ስለሚያንኳኳው ጌታ ሥዕል ጀመረ፤ ስሙንም የዓለም ብርሃን አለው። ሌሊቱን በእውነት ለመሣል ብሎ ከለንደን ወጣ ባለ አገር፣ በአንድ የፍራፍሬ አትክልት ውስጥ ትንሽ ጎጆ አስቀለሰ። በብርድ ወራት እግሩን በጭድ ሸፍኖ በጨረቃ ብርሃን እስኪነጋ ድረስ ይሥል ነበር።

በሥዕሉ ላይ ክርስቶስ በሌሊት ፋኖስ ይዞ በአንድ በር ፊት ቆሞ ያንኳኳል። በራሱ ላይ የንጉሥ አክሊልና የእሾህ አክሊል ተያይዘው ይታያሉ። የበሩ ብረት ዝጓል፤ ሐረግ ወጥቶበት ከመቃኑ ጋራ ተጣብቋል፤ ከደጁ ሥር አረምና እሾህ በቅሏል። የሌሊት ወፍ በአጠገቡ ትበራለች፤ ከዛፍ የወደቀ ፍሬም በመሬት ላይ ተበትኗል።

ይህ ሁሉ ምሳሌ ነው። ሃንት እንዳስረዳው፣ የተዘጋው በር በእልከኝነት የተዘጋ የሰው ልብ ነው። አረሙ በየቀኑ የሚጨመር የስንፍና ክምር ነው። በጨለማ ብቻ የምትወጣው የሌሊት ወፍም የድንቍርና ምልክት ናት። ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ግን በሥዕሉ ላይ ያለው ሳይሆን የሌለው ነው፤ በሩ በውጭ በኩል እጀታ የለውም። ይህን በር ከውስጥ ያለው ሰው ካልከፈተው በቀር ማንም ሊከፍተው አይችልም።

ሥዕሉ በ1854 ዓ.ም. ለሕዝብ ሲታይ ሰዎች ግራ ተጋቡ፤ ብዙዎችም ነቀፉት። ስመ ጥሩው ጸሐፊ ቶማስ ካርላይል አስቀድሞ አይቶት በብርቱ ተቈጥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የጥበብ ሊቁ ጆን ረስኪን ታይምስ ለተባለው ጋዜጣ ደብዳቤ ጽፎ ምሳሌውን አብራራ፤ የፋኖሱ ብርሃን የኅሊና ብርሃን፣ ከራሱ ዙሪያ የሚወጣው ደግሞ የመዳን ተስፋ ብርሃን መሆኑን አስረዳ። ሕዝቡም ሥዕሉን ወደደው።

ሃንት ግን ያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር አልነበረም። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ወደ ግብፅና ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ ነበር። በኦሪት ዘሌዋውያን የእስራኤል ልጆችን ኀጢአት ተሸክሞ ወደ ምድረ በዳ ስለሚለቀቀው ፍየል ለመሣል በሙት ባሕር ዳር ሰፈረ፤ ወንበዴ ስለሚያሰጋ ጠመንጃውን አጠገቡ አድርጎ በጨዋማው ምድር ላይ ሠራ። ይዞት የሄደው ፍየል ስለ ሞተበት ሥዕሉን በሌላ ፍየል ጨረሰ። በፍየሉ ቀንዶች ላይ የታሰረው ቀይ ጨርቅ የኀጢአት ምልክት ነው።

ይህን ሁሉ ደክሞ በ1856 ዓ.ም. ሲያሳይ ግን የተረዳለት ጥቂት ነበረ። ሃንት ራሱ በ1905 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳወጋው፣ አንድ የሥዕል ነጋዴ ነገሩ ስላልገባው ሴቶችን ጠርቶ ቢያሳያቸው፣ ጆሮው የተንጠለጠለ ልዩ ዐይነት ፍየል መሆኑን ብቻ ተናገሩ!

እንግዲህ እኛ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እናነሣለን። ማብራሪያ የሚያስፈልገው ምሳሌ ከንቱ ነውን? አይደለም እንላለን፤ ነገር ግን ምሳሌ የሚናገረው በተመልካቹ ዕውቀት በኩል ነው። የፍየሉን ሥዕል ለመረዳት ኦሪትን ማንበብ ያስፈልጋል። የበሩን ሥዕል ለመረዳት ግን በር ከፍቶና ዘግቶ ማወቅ ይበቃል፤ በር የማያውቅ ሰው ደግሞ የለም። ሁለተኛው ከፊተኛው ይልቅ ሩቅ የሄደው ስለዚህ ይመስለናል።

የሃንት ኑሮ ያለ ኀዘን አላለፈም። በ1865 ዓ.ም. ያገባት ፋኒ ዋ በማግሥቱ ዓመት ወንድ ልጅ ወልዳ በኢጣልያ አገር በፍሎረንስ ሞተች። በ1875 ዓ.ም. እኅቷን ኢዲትን አገባ፤ የእንግሊዝ ሕግ የሞተች ሚስትን እኅት ማግባት ይከለክል ስለ ነበረ ሠርጉ የተፈጸመው በስዊስ አገር ነው። ሕጉ የተለወጠው በ1907 ዓ.ም. ነበር።

በእርጅናው ዐይኑ እየደከመ ሄደ። እንዲህም ሆኖ የዓለም ብርሃንን በሰው ቁመት ልክ እንደ ገና ለመሣል ተነሣ፤ ዐይኑ ስላልረዳው ኤድዋርድ ሮበርት ሂውዝ የተባለው ሠዓሊ አገዘው። ይህ ሥዕል ከ1905 እስከ 1907 ዓ.ም. በካናዳ፣ በአውስትራሊያ፣ በኒው ዚላንድና በደቡብ አፍሪካ እየተዘዋወረ እጅግ ብዙ ሕዝብ አየው። በ1908 ዓ.ም. በለንደን በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ተቀመጠ፤ ፊተኛው ሥዕል ደግሞ በኦክስፎርድ በኪብል ኮሌጅ ይገኛል። ሃንት በ1910 ዓ.ም. በ83 ዓመቱ ሲሞት ዐፅሙ ተቃጥሎ አመዱ በዚያው ካቴድራል ተቀበረ።

ትምህርት ቤታችን በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት፣ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ከዚህ ሰው ሕይወት አንድ ነገር ይዘን እንሄዳለን። መምህራኖቻችን ለብዙ ዓመት አንኳኩተውልናል፤ ወላጆቻችንም እንዲሁ። ዕውቀትም ቢሆን፣ ምክርም ቢሆን፣ በውጭ ቆሞ ይጠራናል እንጂ በግድ አይገባም። ሥራ የፈታ በር ደግሞ በአንድ ቀን አይዝግም፤ አረሙም የሚበቅለው ቀስ በቀስ ነው። ስለዚህ ታናናሾቻችን ሆይ፣ ማጠፊያው ሳይዝግ፣ ሐረጉም ሳይጠመጠምበት በሩን ክፈቱ፤ እጀታው ያለው በእናንተ በኩል ነውና።