ምላሱ ታስሮ ፊደል የተፈታለት ሰው

ሰው የሚመዘነው ባገኘው ጸጋ ብቻ አይደለም፤ የጐደለውን በሚሞላበት ዘዴም ጭምር ነው። ዛሬ የሕይወቱን ታሪክ ባጭሩ የምናቀርብለት እንግሊዛዊው ደራሲ ሉዊስ ካሮል ምላሱ እየተያዘበት፣ ሰው ፊት ቆሞ መናገር እያስጨነቀው የኖረ ሰው ነበር። ነገር ግን ከአፉ በቀላሉ የማይወጡለትን ቃላት በወረቀት ላይ እየበተነና እየገጣጠመ፣ አንዱን ፊደል በሌላው እየለወጠ፣ ሕፃንና ሽማግሌ እስከ ዛሬ የሚደሰቱበትን ጨዋታ ትቶልን አልፏል። የአሊስን ተረት የጻፈ መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል፤ የፊደል ጨዋታው ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እውነተኛ ስሙ ቻርልስ ሉትዊጅ ዶጅሰን ነው። ጃንዋሪ 27 ቀን 1832 ዓ.ም. ቼሻየር በተባለው የእንግሊዝ አውራጃ፣ ዳርስበሪ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበሩ። ከአሥራ አንድ ልጆች መካከል ሦስተኛ ሲሆን ከወንዶቹ ግን የመጀመሪያው ነው። እኅቶቹንና ወንድሞቹን ለማስደሰት በእጁ የሚጽፋቸውን የቤት መጽሔቶች እያዘጋጀ፣ በውስጣቸው ግጥምና ሥዕል ይጨምርባቸው ነበር። መንተባተብ የያዘው ከልጅነቱ ነው፤ ከእኅቶቹና ከወንድሞቹም ብዙዎቹ ይኸው ችግር ነበረባቸው።

ረግቢ በተባለው ስመ ጥር ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ በ1851 ኦክስፎርድ ወደሚገኘው ክራይስት ቸርች ኮሌጅ ገባ። ኮሌጁ በገባ በሁለተኛው ቀን እናቱ ዐረፉ። ኀዘኑን ችሎ ትምህርቱን ቀጠለና በ1854 በሒሳብ የአንደኛ ማዕርግ አገኘ። ከ1855 እስከ 1881 ድረስም በዚያው ኮሌጅ የሒሳብ መምህር ሆኖ አገለገለ። በ1861 ዲቁና ተቀበለ፤ በኮሌጁ ልማድ ቀጥሎ ቅስና መቀበል ሲገባው ግን ሳይቀበል ዲያቆን እንደ ሆነ ኖረ። ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው የምላሱ መያዝ እንደ ሆነ ታሪኩን የጻፉ ብዙ ሰዎች ይገምታሉ።

ታዲያ ይህ ሰው በአንደበቱ ያጣውን ነጻነት ያገኘው በፊደል ነው። በ1856 አንድ ግጥሙን በመጽሔት ሲያወጣ የብዕር ስም አስፈለገው። ለአዘጋጁ ለኤድመንድ ዬትስ አራት ስሞች ላከላቸው። ከእነዚህም ሁለቱ፣ ኤድጋር ከትዌሊስ እና ኤድጋር ዩ. ሲ. ዌስትሂል የተባሉት፣ ቻርልስ ሉትዊጅ ከሚለው ስሙ 15 ፊደላት የተሠሩ ነበሩ፤ አንድም ፊደል አልተጨመረ፣ አንድም አልቀረ፤ ቦታቸው ብቻ ተለዋወጠ። አዘጋጁ ግን የመረጡት ሉዊስ ካሮል የሚለውን ነው። እርሱም ቢሆን ሁለቱን ስሞች ወደ ላቲን መልሶ፣ ቅደም ተከተላቸውን አገላብጦ፣ እንደገና ወደ እንግሊዝኛ በመመለስ የተገኘ ነው። በዚሁ ዘዴ አራት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር በሆኑት በዊልያም ዩዋርት ግላድስተን ስምም ላይ ተጫውቷል። የፖለቲካ አቋማቸውን አይወድም ነበርና፣ ከስማቸው 21 ፊደላት ምስሎችን ሁሉ ልታፈርስ ነውን ብሎ የሚጠይቅ ዐረፍተ ነገር አወጣላቸው።

ጁላይ 4 ቀን 1862 ከአንድ ወዳጁና ከኮሌጁ አለቃ ከሄንሪ ሊድል ሦስት ሴቶች ልጆች ጋር በጀልባ ሲንሸራሸር፣ ለልጆቹ ስለ አሊስ የሚናገረውን ተረት አወራላቸው። ይህ ተረት በ1865 በመጽሐፍ ታትሞ ስሙን በዓለም አስጠራው። ሁለተኛው የአሊስ መጽሐፍ በ1871 ሲወጣ በመጨረሻው ላይ 21 ስንኞች ያሉት ግጥም ነበረው። የየስንኙ መነሻ ፊደል ከላይ ወደ ታች ሲነበብ፣ ተረቱ መጀመሪያ የተነገረላት ልጅ ሙሉ ስም፣ አሊስ ፕሌዛንስ ሊድል፣ ይወጣል።

ዋናውን የፊደል ጨዋታውን የፈጠረው በ1877 በገና በዓል ነው። ሁለት ልጃገረዶች የሚሠሩት አጥተው ሰልችቷቸው ኖሮ፣ አንድ ነገር ፍጠርልን ብለው ለመኑት። ሕጉ እንዲህ ነው፤ በፊደል ቍጥር እኩል የሆኑ ሁለት ቃላት ይሰጣሉ። ተጫዋቹ በየጊዜው አንድ ፊደል ብቻ እየለወጠ ከመጀመሪያው ቃል ተነሥቶ መጨረሻው ላይ መድረስ አለበት፤ በመካከል የሚያልፍበትም ሁሉ እውነተኛ ቃል መሆን ይገባዋል።

ለምሳሌ ካሮል ራስን ጅራት የሚያደርገው እንደሚከተለው ነው። በእንግሊዝኛ ራስ ማለት ሄድ ነው፤ ፊደሎቹም ኤች፣ ኢ፣ ኤ፣ ዲ ናቸው። ዲ በኤል ሲለወጥ ሂል፣ ማለት መፈወስ ይሆናል። ኤች በቲ ሲለወጥ ቲል፣ ማለት የዳክዬ ዓይነት ይሆናል። ኤ በኤል ሲለወጥ ቴል፣ ማለት መንገር ይሆናል። ኢ በኤ ሲለወጥ ቶል፣ ማለት ረጅም ይሆናል። በመጨረሻም ሦስተኛው ፊደል ኤል በአይ ሲለወጥ ቴይል፣ ማለት ጅራት ሆኖ ይገኛል። በአምስት እርምጃ ራስ ጅራት ሆነ ማለት ነው።

ከማርች 1879 ጀምሮ ቫኒቲ ፌር የተባለው የለንደን ሳምንታዊ መጽሔት ይህን ጨዋታ በሽልማት ውድድር አወጣው፤ በዚያው ዓመትም በትንሽ መጽሐፍ ታተመ። ካሮል በዚህ አላበቃም። ሌላው ጨዋታው አንዱ ተጫዋች ጥቂት ፊደላት ሲሰጥ፣ ሌላው እነዚያን ፊደላት ጐን ለጐን የያዘ ቃል የሚፈልግበት ነው። ጂ እና ፒ ቢሰጡት፣ ማግፓይ የተባለችውን ወፍ ስም ይጠራል።

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለውም አእምሮው አያርፍም ነበር። በ1891 መብራት ሳያበራ በጨለማ አሳቡን የሚጽፍበት፣ 16 ቀዳዳ ያለው ካርቶን ፈጠረ፤ ለዚህም ከነጥብና ከመስመር የተሠራ የራሱን ፊደል አወጣለት።

ይህን ሁሉ ሥራ ፈትነት ነው የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ሊቅ ዶናልድ ክኑዝ በ1993 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ ጨዋታ ለከባድ ጥናት አዋሉት። አምስት አምስት ፊደል ያላቸውን 5,757 የእንግሊዝኛ ቃላት ሰብስበው፣ በአንድ ፊደል ለውጥ ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ በኮምፒዩተር መረመሩ። አብዛኞቹ ጐረቤት ሲኖራቸው 671 ቃላት ግን አንድም ጐረቤት የሌላቸው ብቸኞች ሆነው ተገኙ። ሊቁ እነዚህን የጠሩበት አሉፍ የሚለው ቃል ትርጉሙ ከሰው የራቀ፣ ገለልተኛ ማለት ነው፤ የሚያስደንቀውም ይኸው ቃል ራሱ ጐረቤት ከሌላቸው አንዱ መሆኑ ነው።

ሉዊስ ካሮልም ሚስት ሳያገባ፣ በኮሌጁ ክፍሎች ውስጥ እንደ ኖረ፣ ለእኅቶቹ በተከራየላቸው በጊልድፎርድ ቤት ሳለ የሳንባ ምች ይዞት፣ ጃንዋሪ 14 ቀን 1898 ዐረፈ። 66 ዓመት ሊሞላው የቀረው ሁለት ሳምንት ያህል ነበር። ከ1861 ጀምሮ የጻፋቸውንና የተቀበላቸውን ደብዳቤዎች የመዘገበበት መዝገብ 98,721 ደርሶ ነበር። አንደበቱ ቢይዘውም ከሰው ሳይለይ የኖረው በዚህ በጽሑፍ ነው።

ይህን ጨዋታ እኛም በራሳችን ፊደል ልንሞክረው እንችላለን። በሬን ወፍ ለማድረግ በመካከል አንድ ቃል ብቻ ይበቃል፤ በሬ፣ ወሬ፣ ወፍ። በሬውን ያበረረው ወሬ መሆኑን ልብ ይሏል! አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ እሑድ ነውና ልጆችህን ሰብስበህ ሞክረው። በአንድ ጊዜ ዘሎ መድረስ ለማይቻልበት ስፍራ፣ አንድ አንድ ፊደል እየለወጡ በትዕግሥት መድረስ እንደሚቻል ያ የሚንተባተብ መምህር አሳይቶናል።