ለኳሱ ቃል፣ ለአህጉሩ ድምጽ የሆኑት ይድነቃቸው ተሰማ

የእግር ኳስ ጨዋታን በራዲዮ የሚከታተል አድማጭ፣ በአዲስ አበባም ይሁን በደቡብ ወሎ ከፍተኛ ቦታዎች በከላላና በመካነ ሰላም፣ የሚወደውና የማይወደው የጨዋታ አስተላላፊ አያጣም። አንዱን በድምጹ ግርማ ያደንቀዋል፣ ሌላውን በቃላት ድርደራው ይሰለቸዋል። ሁለቱም አስተላላፊዎች ግን የሚጠቀሙበት የጋራ ሀብት አላቸው። ይኸውም ጨዋታው በአማርኛ የሚዳኝበትና የሚተረክበት ቋንቋ ነው። ለዚህ ቋንቋ መሠረት ከጣሉት መካከል የእግር ኳስን ሕግጋት ወደ አማርኛ የመለሱት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ።

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900ዎቹ መጀመሪያ ወደ ጀርመን አገር ሄደው ዜማቸውን በሸክላ ያስቀረጹ፣ በቅኔያቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። የአባት ሀብት ድምጽና ቃል ነበር። ልጁም በሌላ መድረክ የቃል ሰው ሆነዋል።

በ1928 ዓ.ም. በተመሠረተው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ለ23 ዓመታት የተሰለፉት አቶ ይድነቃቸው፣ በ365 ጨዋታዎች 318 ግቦችን እንዳስቆጠሩ ይነገርላቸዋል። ለብሔራዊ ቡድኑም 15 ጊዜ ተጫውተዋል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያ ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ስትረታ የቡድኑ አሰልጣኝ እርሳቸው ነበሩ።

ይሁንና ስማቸውን ከአገር ውጭ ያስጠራው ከሜዳ ይልቅ በስብሰባ አዳራሽ ያካሄዱት ትግል ነው። በየካቲት ወር 1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ሲመሠረት ግብጽ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ መሥራች አባላት ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን ለማሰለፍ ፈቃደኛ ባለመሆኗ ከመጀመሪያው ዋንጫ ውጭ ሆነች። ተጋጣሚዋ ኢትዮጵያም ሳትጫወት ለፍጻሜ አልፋ በግብጽ 4 ለ 0 ተሸነፈች።

የዘር መድልዎን ከስፖርት የማስወገዱ ሥራ ግን በአንድ ውሳኔ የሚያልቅ አልነበረም። በወቅቱ የፊፋ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሰር ስታንሊ ራውስ ስፖርትና ፖለቲካ አይቀላቀሉም በሚል ምክንያት ለደቡብ አፍሪካ ማኅበር ይከላከሉ ነበር። አቶ ይድነቃቸው በበኩላቸው ተጫዋችን በቆዳው ቀለም የሚለይ ማኅበር ራሱ ፖለቲካን ወደ ሜዳ ያስገባ መሆኑን በማስረዳት ተከራክረዋል። ደቡብ አፍሪካ በ1957 ዓ.ም. ከታገደች በኋላ፣ በሐምሌ ወር 1968 ዓ.ም. ከፊፋ አባልነት ተሰረዘች።

አፍሪካ በዓለም ዋንጫ ቀጥተኛ ቦታ እንድታገኝ በተደረገው ትግልም ድርሻቸው ከፍ ያለ ነበር። አፍሪካ፣ እስያና ኦሺያንያ በአንድ ቦታ እንዲወዳደሩ በመደረጉ የአፍሪካ አገሮች ከ1958ቱ የእንግሊዝ ዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ራሳቸውን አገለሉ። በውጤቱም በ1962 ዓ.ም. በሜክሲኮ አንድ፣ በ1974 ዓ.ም. በስፔን ሁለት ቦታዎች ለአህጉሩ ተሰጡ።

ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት የመሩት አቶ ይድነቃቸው በሁሉም ዘንድ የተወደዱ አልነበሩም። የትምባሆና የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በአፍሪካ ውድድሮች እንዳይገባ መቃወማቸው ገንዘብ በእጅጉ ለሚያስፈልገው ድርጅት ቀላል ምርጫ አልነበረም። ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መፍለሳቸው የአህጉሩን ውድድር ያዳክማል የሚለው ሥጋታቸውም ክርክር አስነስቷል። እርሳቸው ግን ወጣቱን የሚጎዳ ገቢ ለስፖርቱ ጥቅም ነው ብለው አልተቀበሉም።

አቶ ይድነቃቸው በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. አረፉ። ደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎ ሥርዓቷን አስወግዳ በ1984 ዓ.ም. ወደ አፍሪካ እግር ኳስ ቤተሰብ ስትመለስ፣ በ1988 ዓ.ም. ደግሞ ዋንጫውን አዘጋጅታ ነጭና ጥቁር በተሰለፉበት ቡድን ስታነሳ ለማየት አልበቁም። በካርቱም የተጠየቀው ጥያቄ ግን ከ39 ዓመታት በኋላ በሜዳ ላይ መልስ አግኝቷል።