ከወፍጮ ቤት እስከ ንጉሥ ጉባኤ
(የአባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ የሕይወት ታሪክ)

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ወቅት የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ንግግር እንዲያደርጉ አዘዝኩ። ርእሱን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፣ ሦስት ቀን ሰጠሁ፣ በቃ። ቀኑ ደርሶ መጀመሪያ የጠራሁት ልጅ ወጥቶ ቆመ። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ የሸሚዙን ጫፍ ሲያፍተለትል ቆየና አንዲት ቃል ሳይወጣው ቀረ። ክፍሉ ሳቀበት። እኔም እንዲቀመጥ አዝዤ ዜሮ ጻፍኩለት። በማግሥቱ ተራ ከነበራቸው ልጆች መካከል ሦስቱ ከትምህርት ቤት ቀሩ። ነገሩ የከነከነኝ ያን ጊዜ ነው። በዚያው ሰሞን የአባ ጊዮርጊስን ታሪክ ሳነብ ራሴን ታዘብኩ። ለናንተም፣ ለሠልጣኝ ጓደኞቼና ለመምህራኖቻችን፣ ባካፍል ይበጃል ብዬ ይህችን ጽሑፍ አዘጋጀሁ።

ስለ ንግግር ጥበብ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚጠራልን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው የአቴናው ዴሞስቴንስ ነው። ምላሱ እየተያዘበት በብዙ ልምምድ ታላቅ ተናጋሪ መሆኑ ይተረካል። ጥሩ ምሳሌ ነው። ነገር ግን ግሪክ አገር ድረስ ሳንሄድ እዚሁ ቅርባችን ሰው አለን።

ጊዮርጊስ የተወለደው በ1357 ዓ.ም. ገደማ ነው። የትውልድ ቦታው ሰግላ ይባላል፤ በኋላ ስሙ የተጠራበት ጋሥጫም በጥንቱ ቤተ አምሐራ፣ ዛሬ ደቡብ ወሎ በምንለው በምዕራቡ ክፍል፣ በቦረና በኩል ይገኛል። አባቱ ሕዝበ ጽዮን በቤተ መንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ ሊቅ ነበሩ። የሊቅ ልጅ ሊቅ ይሁን ተብሎ ልጁ ገና በልጅነቱ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ተላከ። ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ሲሆን፣ በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ያደራጁት፣ በዘመኑ ስሙ የገነነ የትምህርት ማእከል ነበር።

ታዲያ ልጁ እዚያ ገብቶ ምን ሆነ? ትምህርቱ አልገባህ አለው። ገድሉ እንደሚተርከው እኩዮቹ ንባቡን ጨርሰው ወደ ዜማው ሲሻገሩ እሱ ገና ከፊደሉ ጋር ይታገል ነበር። ጓደኞቹም ይሥቁበት ነበር። ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ መምህሩ ተስፋ ቆረጡና አባትየው ልጃቸውን እንዲወስዱ ላኩባቸው። አባትየው ግን አንዴ ለእግዚአብሔር የሰጡትን ልጅ መልሰው እንደማይወስዱ፣ መማር ባይችል እንኳ እዚያው ሆኖ ገዳሙን እንዲያገለግል ተናግረው መለሱት። እዚህ ላይ እኔ ቆም ብዬ አሰብኩ። እኚያ አባት ተስፋ ቆርጠው ልጁን ወስደውት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስለማን እናወራ ነበር?

ከዚያ በኋላ የጊዮርጊስ ሥራ እህል መፍጨት ሆነ። ያን ጊዜ ሞተር ወፍጮ የለ፤ የመነኮሳቱን ቀለብ በእጁ ድንጋይ ላይ እየፈጨ ያቀርብ ነበር። የእናቶቻችንንና የእኅቶቻችንን ድካም ያየ ሰው የሥራውን ክብደት ያውቀዋል። ሆኖም ከትምህርቱ ቤት አልራቀም። የሌሎቹ ንባብና ዜማ በየቀኑ ጆሮው ይገባል። ሌሊት ሌሊት ደግሞ በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆሞ ልቡናው እንዲከፈትለት እያለቀሰ ይለምን ነበር። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚለው እመቤታችን የልቡና ጽዋ አጠጣችውና የተዘጋው አእምሮው ተከፈተ። ያ ለፊደል ሲንገዳገድ የነበረ ልጅ ከዚያ ወዲህ መምህራኑን የሚያስደንቅ ሆነ።

ካደጉና ከተማሩ በኋላ አባ ጊዮርጊስ ወደ ቤተ መንግሥት ተጠሩ። ዘመኑ የዐፄ ዳዊት ነበር። የንጉሡን ልጆች እንዳስተማሩም ይነገራል። በየአብያተ ክርስቲያናቱ ሌሊት የሚደርሰውን መጽሐፈ ሰዓታት፣ እንዲሁም አርጋኖን የተባለውን የምስጋና መጽሐፍ የደረሱ እሳቸው ናቸው።

በዚያው ዘመን ቢቱ ከሚባል ሰው ጋር በሃይማኖት ጉዳይ በጉባኤ ተከራከሩ። ክርክሩ ስለ ዳግም ምጽአት ነበር። የንጉሥ ጉባኤ እኮ ቀላል አይደለም። መኳንንቱ፣ ሊቃውንቱና ካህናቱ ተሰብስበው የእያንዳንዱን ቃል ይመዝናሉ። በወፍጮ ቤት የተሣቀበት ልጅ በዚያ መካከል ቆሞ ተናገረ። ክርክሩን ቢረቱም ነገሩ በዚያ አላበቃም፤ ከሳሽ ተነሥቶባቸው ከንጉሡ ጋር ተጋጩና እስከ መታሰር ደረሱ። እሳቸው ግን ከቃላቸው ፈቀቅ አላሉም።

ዋናውን ሥራቸውን መጽሐፈ ምሥጢርን የፈጸሙት በዐፄ ይስሐቅ ዘመን በ1416 ዓ.ም. ነው። ለእኛ ለመምህራን የሚጠቅመው አሠራሩ ነው። መጽሐፉ በ30 ድርሳናት የተከፈለ ሲሆን፣ የተዘጋጁት በየበዓላቱ በሕዝብ ፊት እንዲነበቡ ነው። ማለትም ለጆሮ የተጻፉ ናቸው። በየድርሳኑ ደግሞ እንደ ሰባልዮስ፣ አርዮስና ንስጥሮስ ያሉት የተናገሩትን ያነሡና ነጥብ በነጥብ መልስ ይሰጣሉ። ሌላው ምን እንደሚል ሳያውቁ መናገር ባዶ ጩኸት መሆኑን ከዚህ እንማራለን። አባ ጊዮርጊስ ይህን ከፈጸሙ ብዙም ሳይቆዩ በ1417 ዓ.ም. ገደማ አረፉ፤ መታሰቢያቸው ሐምሌ 7 ቀን ነው።

እንግዲህ ተአምሩን ለእምነቱ እንተወውና እንደ መምህር ምን እንውሰድ? በአገራችን የቆየው ትምህርት ልጅን ድንገት አደባባይ አያወጣም። የቅኔ ተማሪ ቀን ብቻውን ዞር ብሎ ይቆጥራል፣ ከዚያ ለመምህሩ ነግሮ ይታረማል፣ በጉባኤ የሚዘርፈው ከዚያ በኋላ ነው። በዚሁ በወሎአችን ደረሳውም ቢሆን ቂርአቱን ከሸኹ ፊት ደጋግሞ ቀርቶ ስሕተቱ ይቃናለታል። ብቻን፣ ቀጥሎ በአንድ ሰው ፊት፣ ቀጥሎ በብዙ ሰው ፊት ማለት ነው። እኔ ያን ልጅ ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው ደረጃ ነበር ያዘለልኩት። ጥፋቱ የሱ አልነበረም።

ስለዚህ ተመልሼ ዜሮዋን ሰረዝኩ። ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርጌ በዕረፍት ሰዓት ከባሕር ዛፉ ሥር እርስ በርስ እንዲነጋገሩ አደረግሁ። የማይፈሩትን ነገር፣ ከብት ጥበቃን፣ ገብስ አጨዳን፣ የገበያ ቀንን ርእስ ሰጠኋቸው። በሦስተኛው ቀን አራት አራት ሆኑ። ሳቂዎቹም ተራቸው ሲደርስ ሳቃቸው ቀዘቀዘ። በሳምንቱ ያ ልጅ ወጥቶ ቆመና ስለ በጎቻቸው አራት ዐረፍተ ነገር ተናገረ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን ጨረሰ። የቀሩት ሦስቱም ተመልሰው መጥተው ነበር።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ነገ በየገጠሩ ስንበተን ክፍላችን ውስጥ አንድ ዝም ያለ ልጅ አይጠፋም። አባቱ እንደ ሕዝበ ጽዮን አልወስድም የሚል ላይሆን ይችላል፤ እኛ ካባረርነው ዝም ብሎ ይወስደው ይሆናል። ስለዚህ ዜሮዋን ከመጻፋችን በፊት ለልጁ ወፍጮ ቤቱን አልፎ አደባባይ የሚደርስበትን ጊዜ ሰጥተነው እንደሆነ ራሳችንን እንጠይቅ።