ለጆን ጋራንግ ትምህርት ማን ከፈለ?

የትምህርት ቤት ክፍያ በደረሰ ቁጥር ወላጆች በሚቆጥሩት የደቡብ ሱዳን ፓውንድ ላይ የአንድ ጺማም ሰው ምስል አለ። ዶክተር ጆን ጋራንግ ናቸው። ልጆቻችን በነጻነት ትግል መሪነታቸው ያውቋቸዋል፤ መቃብራቸውም እዚሁ ጁባ ነው። እኔ ግን የጦርነቱን ታሪክ ለሌላ ጊዜ ትቼ፣ ገንዘብ ያልነበራቸው ሰው እስከ ዶክትሬት ድረስ እንዴት እንደተማሩ ላውጋችሁ።

የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1945 በቦር አካባቢ፣ ከድሃ ቤተሰብ ነው። ዐሥር ዓመት ገደማ ሲሆናቸው እናትም አባትም አልነበራቸውም። ትምህርታቸው እዚያው ላይ ሊቆም ይችል ነበር። የደረሱላቸው አጎታቸው ናቸው፤ ክፍያውን ችለው መጀመሪያ ዋው፣ ቀጥሎም ሩምቤክ አስተማሯቸው። የአጎትየው ምስል በየትኛውም ብር ላይ የለም፤ ለእኔ ግን የዚህ ታሪክ የመጀመሪያው ባለውለታ እሳቸው ናቸው። ከጁባ ወደ አገር ቤት ለወንድምና ለእህት ልጅ የትምህርት ክፍያ የሚልኩ አጎቶችና አክስቶች በእኛም መካከል ስንት አሉ!

በ1962፣ በ17 ዓመታቸው፣ በጊዜው የነበረውን የእርስ በርስ ጦርነት ተቀላቀሉ። የትግሉ መሪዎች ግን ዕድሜያቸው ገና መሆኑን አይተው እሳቸውንና እኩዮቻቸውን ትምህርት እንዲቀጥሉ መከሯቸው። በአገራቸው ጦርነት ስለነበረ ሁለተኛ ደረጃን የተማሩት ታንዛኒያ ነው።

ከዚያ ስኮላርሺፕ አግኝተው አሜሪካ፣ አዮዋ ግዛት ውስጥ ወደሚገኘው ግሪኔል ኮሌጅ ሄዱ። ግሪኔል በእርሻ አገር መካከል ባለች ትንሽ ከተማ ያለ፣ ተማሪውም ጥቂት የሆነ ኮሌጅ ነው። እዚህ ላይ ተማሪዎች ልብ በሉልኝ። እንዲህ ባሉ ብዙ ኮሌጆች የተጻፈው ዋጋና ችግረኛው ተማሪ በእውነት የሚከፍለው አንድ አይደለም፤ ኮሌጁ ከደጋፊዎቹ ከተለገሰለት ሀብት ልዩነቱን ይሸፍናል። ዋጋውን ብቻ አይቶ ማመልከቻውን የሚተው ሰው ይህን ሳያውቀው ይቀራል።

በ1969 በኢኮኖሚክስ ዲግሪያቸውን ያዙ። በካሊፎርኒያው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን እንዲቀጥሉ ሌላ ስኮላርሺፕ ቀረበላቸው፤ አልተቀበሉትም። በአይቢኤም ኩባንያው ቶማስ ዋትሰን ስም የሚሰጠውን፣ ከኮሌጅ ለሚወጡ ወጣቶች በውጭ አገር የራሳቸውን ጥናት የሚያካሂዱበትን ድጋፍ ይዘው ወደ ዳሬ ሰላም ዩኒቨርሲቲ ተመለሱ። የምሥራቅ አፍሪካን የግብርና ኢኮኖሚ ለማጥናት ነው። ልጁ በርክሌይን ትቶ ወደ አፍሪካ ልመለስ ቢለው የማይቆጣ ወላጅ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ከዚያ ወደ ትግሉ ገቡ። በ1972 ሁለቱ ወገኖች በአዲስ አበባ የሰላም ስምምነት ፈረሙ፤ የደቡብ ታጣቂዎችም ከሱዳን ሠራዊት ጋር ተቀላቀሉ። ጋራንግም መኮንን ሆኑ። ለአዋቂ ተማሪ የሚጠቅመው ቁም ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ቤተሰብ ያለው ሠራተኛ የሚፈራው የኮሌጁን ክፍያ ብቻ አይደለም፤ ሥራውን ከተወ የቤት ኪራዩንና ቀለቡን ማን ይችልለታል? ስጨርስስ የት እገባለሁ? ይላል። ጋራንግ ሥራቸውን አልለቀቁም። መጀመሪያ ለወታደራዊ ኮርስ አሜሪካ ተላኩ፤ በኋላም የአራት ዓመት የትምህርት ፈቃድ አግኝተው በአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ማስተርሳቸውንና ዶክትሬታቸውን ተማሩ። ሲጨርሱ የሚመለሱበት ቦታ ነበራቸው። ዶክተር የተባሉት በ1981 ነው፤ ዕድሜያቸው 36 ገደማ። የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ከያዙ 12 ዓመት አልፏል።

የመመረቂያ ጥናታቸው ስለ ጆንግሌ ፕሮጀክት አካባቢ የገጠር ልማት ነበር። የጆንግሌ ቦይ የነጭ ዓባይን ውኃ ከረግረጉ አሳልፎ ወደ ሰሜን እንዲወስድ የታቀደ ሲሆን፣ ከቦር ተነሥቶ ሠፈራችን ስሟን በወሰደችባት በማላካል አቅራቢያ የሚያበቃ፣ 360 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ነው። ጋራንግ የተወለዱት እዚያው ሕዝብ መካከል ስለሆነ ርእሱን ያገኙት ከመጽሐፍ ብቻ አይመስለኝም። ቁፋሮው በ1978 ተጀምሮ ነበር፤ በ1983 ጋራንግ የሚመሩት ጦር ትግል ሲጀምር ግን ሳያልቅ ቆመ። ግዙፉ መቆፈሪያ ማሽን እዚያው ሜዳ ላይ ዝጎ ቀረ።

የቀረውን ታሪክ ትምህርት ቤት ትማሩታላችሁ። በጥር 2005 የሰላም ስምምነቱ ተፈረመ፤ ሐምሌ 9 ቀን የሱዳን አንደኛ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በሦስት ሳምንታቸው፣ ሐምሌ 30 ቀን፣ በሄሊኮፕተር አደጋ ሞቱ። ዛሬ ቦር ከተማ ላይ በስማቸው የሚጠራ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ።