የደጃዝማች በላይ ዘለቀ ሕይወትና ቤተሰብ

በምሥራቅ ጎጃም ከቢቸና እስከ ሞጣ የደጃዝማች በላይ ዘለቀን ስም የማያውቅ ቤት አይገኝም። ጀግንነታቸው በለቅሶም በሠርግም ይነሣል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ከጀግንነታቸው ጋር የቤተሰባቸውን ታሪክ እናስታውሳለን፤ ደም በደም ሲመለስ በአንድ ቤት ላይ ምን እንደሚያደርስ ያስተምረናልና።

በላይ የተወለዱት በወሎ ቦረና እንደሆነ ይነገራል። የአባታቸው የዘለቀ ላቀው አገር ግን ቢቸና ነው። ዘለቀ የልጅ ኢያሱ ወታደር ነበሩ። ልጅ ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ እዚያም ሊይዟቸው ከመጡ የመንግሥት ሰዎች ጋር ሲታኮሱ ሞቱ። በላይና ወንድማቸው እጅጉ ገና ልጆች ነበሩ። በአገሩ ልማድ የአባቱን ደም ያልመለሰ ልጅ ከሰው አይቆጠርም ነበርና፣ ወንድማማቾቹ ለአቅመ አዳም ሲደርሱ ጠመንጃ አንሥተው ወደ ዓባይ በረሃ ሸፈቱ።

በ1928 ዓ.ም. ፋሽስት ኢጣልያ ሀገራችንን በወረረ ጊዜ፣ ለግል ቂም የተነሣው ጠመንጃ ለሕዝብ ጋሻ ሆነ። ወራሪው ጦር ከካቶሊክ ሀገር የመጣ እንደነበር እኛ ካቶሊካውያን በትሕትና ልናስታውሰው ይገባል። በላይ በቢቸናና በአካባቢው አያሌ አርበኞችን አሰልፈው እስከ ነጻነት ድረስ ተዋጉ። ለተከታዮቻቸው ታላላቅ ማዕርጋትን ሲሰጡ፣ ለራሳቸው ግን እናታቸው ካወጡላቸው በላይ ከሚለው ስም የሚበልጥ ሹመት አልፈለጉም ይባላል። የፈረስ ስማቸው አባ ኮስትር ነበር።

በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ ደጃዝማች ተብለው ቢቸናን እንዲያስተዳድሩ ተሾሙ። ይህ ግን ከድካማቸው ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ መስሎ ታያቸው፤ ከማዕከላዊው መንግሥት ጋርም ተቃቃሩ። ጦር ተላከባቸው፤ በሶማ አምባ ተከበው ከተዋጉ በኋላ እጃቸውን ሰጡ። የተፈረደባቸው የሞት ቅጣት ወደ እድሜ ልክ እስራት ተለውጦላቸው ሳለ፣ ከወኅኒ አምልጠው እንደገና ተያዙ። በጥር 1937 ዓ.ም. ከወንድማቸው ከእጅጉ ጋር በአዲስ አበባ ተሰቀሉ። ለጠላት ያደሩት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በግዞት ሲቀመጡ፣ ጠላትን የተዋጋው አርበኛ መሰቀሉ ብዙዎችን እስከ ዛሬ ያሳዝናል። አባት አልባ ሆነው ያደጉት በላይ፣ በተራቸው ሴት ልጃቸውን አባት አልባ አድርገው አለፉ።

ዛሬ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በስማቸው ይጠራል። ክብሩ የተገባ ነው፤ ነገር ግን የተሰቀለውን ሰው ለልጁ አይመልስም። የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርተ ክርስቶስ በ2010 ዓ.ም. በር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ ፈቃድ ተሻሽሎ የሞት ቅጣት ተቀባይነት እንደሌለው በግልጽ አስተምሯል፤ ወንጀለኛም ቢሆን ሰብአዊ ክብሩ አይጠፋምና።

ስለዚህ፣ የተወደዳችሁ መምህራን፣ ይህን ታሪክ ለልጆች ስታስተምሩ ከጀግናው ጋር በአባቱ ሬሳ አጠገብ የቀረውን ሕፃን አሳዩአቸው። በመንደራችሁ ደም የተቃባ ቤተሰብ ካለ፣ ሕፃኑ አድጎ ጠመንጃ እስኪያነሣ አትጠብቁ፤ ከሽማግሎች ጋር ሆናችሁ ዛሬውኑ ደጁን አንኳኩ። የሰላም አምላክ ይርዳችሁ።